ፒተርስበርግ፦ ምስክር ወይስ ግብረ አበር?

ተማሪዎች ሳለን የልቦለድ ትንተና ስንጽፍ «መቼት» የምትባለው ቃል የምትመጣው ሁልጊዜ በመጨረሻ ነበር። ጭብጡን አብራርተን፣ ገጸ ባሕርያቱን አንድ በአንድ አበጥረን፣ ግጭቱን ለይተን ካበቃን በኋላ፣ ወረቀቱ ሊያልቅ ሁለት መስመር ሲቀረው «ታሪኩ የተፈጸመው እዚህ ቦታ፣ በዚህ ዘመን ነው» ብለን እንዘጋዋለን። መምህሩም ግማሽ ማርክ ጣል ያደርጉልናል። «መቼ» እና «የት» ተጋብተው የወለዷት ይህች ቃል ከግማሽ ማርክ በላይ ዋጋ እንዳላት የተረዳሁት በጣም ዘግይቼ ነው። ያስተማሩኝም አንድ ከተማና አንድ መጽሐፍ ናቸው። ከተማው ፒተርስበርግ ነው፤ መጽሐፉም የፊዮዶር ዶስቶየቭስኪ «ወንጀልና ቅጣት»።

ላላነበበ ታሪኩን ባጭሩ ላስታውስ፤ ያነበበ ይለፈኝ። ሮድዮን ራስኮልኒኮቭ የ23 ዓመት ወጣት ነው። ሕግ ይማር ነበር፤ የሚከፍለው አጥቶ አቋርጧል። ጣራ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተጋድሞ ያስባል። ሐሳቡም የሰው ልጅ በሁለት ይከፈላል የሚል ነው፤ ተራና ታላቅ። ታላቁ ሰው ለታላቅ ዓላማው ሲል ደም ተራምዶ እንዲያልፍ ይፈቀድለታል። እኔስ ከየትኞቹ ነኝ? ይህን ለማወቅ አንዲት አራጣ አበዳሪ ባልቴት በመጥረቢያ ይገድላል። ሳይታሰብ ድንገት የገባችውን ምስኪን እኅቷን ሊዛቬታንም ይደግማታል። ይህ ሁሉ በመጀመሪያው ክፍል ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው አምስት ክፍልና መደምደሚያ የቅጣቱ ታሪክ ነው።

መጽሐፉን መጀመሪያ ያነበብኩት ከተማውን ሳላይ ነበር። ጊዜው የሩሲያ መጻሕፍት ሞስኮ ውስጥ በአማርኛ ጭምር እየታተሙ አዲስ አበባ ላይ በርካሽ የሚሸጡበት ዘመን ነው። ያኔ ቀልቤን የገዛው የልጁ ሐሳብ ነበር። ናፖሊዮን፣ ታላቅ ሰው፣ ሕግ፣ ደም... ጎዳናውን፣ ድልድዩን፣ ደረጃውን የሚያወሳ ገጽ ሲያጋጥመኝ «ወደ ነገሩ ግባ እንጂ!» እያልኩ እዘለው ነበር። በኋላ የትምህርት ዕድል አግኝቼ እዚያው ከተማ ገባሁ። ስሙ ሌኒንግራድ ነበር። አስተማሪያችን ጨዋና ምሁር ሴት ነበሩ፤ ስለ ልቦለዱ የሚያስተምሩት ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚጠቃለል ነው። ራስኮልኒኮቭን ነፍሰ ገዳይ ያደረገው የካፒታሊዝም ከተማ ነው፤ ድህነቱ፣ አራጣው፣ መጠጥ ቤቱ። ከተማው ገደለ፤ ወጣቱ እጁን አዋሰ። ይኸው ነው።

ዘመን ሲገለበጥ ትርጓሜውም አብሮ ተገለበጠ። ከ1991 በኋላ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከተማው የጥንት ስሙን ሲያገኝ፣ ደራሲው የእግዚአብሔር ሰው ሆኖ ተገኘ። አሁን ደግሞ ነገሩ ሁሉ የነፍስ ጉዳይ ነው፤ ኃጢአት፣ ንስሐ፣ ትንሣኤ። ከተማው የመድረክ መጋረጃ ነው፤ ታሪኩ በለንደንም በፓሪስም ሊሆን ይችል ነበር ይሉናል። እኔ ሁለቱንም አላምንም። ለምን እንደማላምን ነው እዚህ ላይ የምሟገተው።

ከሁለተኛው ልጀምር። ታሪኩ ሌላ ከተማ ሊሆን ይችል ነበር ለሚል ሰው የሚሰጠው መልስ ደራሲው ራሱ የመረጠው ነገር ነው። በጥር 1865 ጌራሲም ቺስቶቭ የሚባል ወጣት ሁለት አሮጊቶችን በመጥረቢያ ገደለ። ጋዜጦች ጉዳዩን በሰፊው ዘገቡት፤ ዶስቶየቭስኪም የጋዜጣ ወዳጅ ነበር። ይህ ግድያ የተፈጸመው ግን በሞስኮ ነው። በጥር 1866፣ የልቦለዱ የመጀመሪያ ክፍል ለአንባቢ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ዳኒሎቭ የተባለ ተማሪ አንድ አራጣ አበዳሪና የቤት ሠራተኛውን ገደለ። ጉድ ተባለ፤ ሕይወት ልቦለዱን ቀዳችው ተባለ። ይህም በሞስኮ ነው። ልቦለዱን ያሳተመው «ሩስኪ ቬስትኒክ» መጽሔት እንኳ የሞስኮ ነው። ደራሲው የተወለደውም በ1821 በሞስኮ ነው። መጥረቢያው፣ ተማሪው፣ አሳታሚው፣ የትውልድ ቀዬው ሁሉ ወደ ሞስኮ እየጎተቱት ሳለ ታሪኩን ፒተርስበርግ ላይ ተከለው። መጋረጃ ለመለወጥ ብሎ ይህን ያህል የሚደክም ደራሲ የለም።

ታዲያ ፒተርስበርግ ምን ነበረው?

አንደኛ ነገር ሰውየው ያውቀዋል። በ15 ዓመቱ፣ በ1837፣ ከወንድሙ ጋር ለወታደራዊ ምሕንድስና ትምህርት መጣ። በ1846 «ድሆች» በተባለው የመጀመሪያ ልቦለዱ በአንድ ጊዜ ስመ ጥር ሆነ። በ1849 በፖለቲካ ተከሶ በጴጥሮስ ወጳውሎስ ምሽግ ታሰረ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ፣ በሴሚዮኖቭስኪ አደባባይ የሞት ፍርድ ተነበበበት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዎች ከእንጨት ጋር ታስረው፣ ጠመንጃ ተደግኖባቸው፣ እሱ ተራውን ሲጠብቅ፣ ምሕረት ተደርጓል ተባለ። ሁሉ ነገር አስቀድሞ የተቀነባበረ ነበር። አራት ዓመት ሳይቤሪያ በእግር ብረት፣ ከዚያ የወታደርነት ግዞት፤ ከተማውን መልሶ ያየው በ1859 መጨረሻ ነው። በልቦለዱ ውስጥ ራስኮልኒኮቭ ሞት የተፈረደበት ሰው አንዲት ክንድ በምታህል ገደል ላይ ቆሞም ቢሆን መኖርን ይመርጣል የሚል ነገር ያስታውሳል። ይህ ሐሳብ ከዚያ አደባባይ የመጣ ይመስለኛል።

ሁለተኛ ሰፈሩን ያውቀዋል። በ1864 በጥቂት ወራት ልዩነት ሚስቱም ታላቅ ወንድሙም ሞቱበት። የወንድሙን ዕዳና ቤተሰብ ተሸከመ፤ መጽሔታቸው በ1865 ተዘጋ። ልቦለዱን ሲጽፍ የተከራየው ቤት በስቶልያርኒ መንገድ ጥግ ላይ ነበር። ራስኮልኒኮቭንም ያስቀመጠው በዚያው መንገድ ነው፤ የፈጠረው ገጸ ባሕርይ ጎረቤቱ ሆነ ማለት ነው። በ1865 አንድ የከተማው ጋዜጣ እንደቆጠረው በዚያች አጭር መንገድ 16 ቤቶች ሲኖሩ፣ በነዚያ 16 ቤቶች ውስጥ 18 መጠጥ ቤቶች ነበሩ። እንግዲህ ለአንድ ቤት ከአንድ በላይ ይደርሰዋል! ማርሜላዶቭ የሚስቱን የእግር ሹራብ ሳይቀር ሸጦ የጠጣው የትም ሄዶ አይደለም።

ጥቂት እልፍ ሲሉ ሴናያ አደባባይ ነው። እኛ ብንሰይመው «ድርቆሽ ተራ» እንለው ነበር፤ ትርጉሙም ይኸው ነው። በ1861 ገባሮች ነጻ ከወጡ በኋላ መሬት ያጣው ገበሬ ሥራ ፍለጋ ወደ ዋና ከተማው ይጎርፋል፤ የነዋሪው ቁጥር ግማሽ ሚሊዮንን አልፏል። መጤው የሚራገፈው እዚህ ሰፈር ነው። አንድ ክፍል በመጋረጃ ተከፍሎ ለሦስት ቤተሰብ ይከራያል፤ አንድ ጥግ ብቻውን ይከራያል። ከነኔቭስኪ ጎዳና፣ ከነክረምት ቤተ መንግሥት በእግር የሚደረስ ቦታ ነው፤ ግን ሌላ አገር ነው። ቱሪስት የሚያውቀው ፒተርስበርግ በልቦለዱ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ነጩ ሌሊት እንኳ የለም። በወጣትነቱ በዚያው ርእስ ተወዳጅ ታሪክ የጻፈ ሰው እዚህ ላይ የሚጽፈው ስለ ሙቀት፣ ስለ ኖራ፣ ስለ ጡብ፣ ስለ አቧራና ስለ መጠጥ ቤት ግማት ነው። ሀብታሙ ለበጋው ወደ ገጠር ቤቱ ሄዷል። ከተማው ውስጥ የቀረው መሄጃ የሌለው ነው።

ራስኮልኒኮቭ ከቤቱ እስከ ባልቴቷ ቤት ያለውን ርቀት ያውቃል፤ ልክ 730 እርምጃ ነው። ዛሬ ይህን መንገድ የሚቆጥሩ ጎብኚዎች ብዙ ናቸው። እኔም በተማሪነቴ አንድ ቅዳሜ ጓደኛዬን አስከትዬ ቆጥሬዋለሁ። የኔ በለጠ። ጓደኛዬ «አንተ አጭር ስለሆንክ ነው» ብሎ ሳቀብኝ፤ እኔ ግን ተበሳጭቼ ከድልድዩ ተመልሼ እንደገና ቆጠርኩ። አሁንም በለጠ። ዕድሜ ገፋ ካለ በኋላ ነው ቁጥሩ መግጠም አለመግጠሙ ዋና ነገር አለመሆኑ የገባኝ። መንገድን በእርምጃ የሚቆጥር ሰው ማን ነው? ጋሪ ተሳፍሮ የሚሄድ አይቆጥርም። ቁምነገር ያለው፣ ቀጠሮ ያለው አይቆጥርም። ልጁ ገና አልገድልም፣ ቀልድ ነው፣ ቅዠት ነው እያለ ራሱን በሚያታልልበት ጊዜ እግሩ አስቀድሞ ለክቶ ጨርሷል። ደራሲው መሐንዲስ መሆኑን አንርሳ። ሙያውን በ1844 ቢተወውም የመለካት ልማዱ አብሮት ቀርቷል።

ስለ ክፍሉ ደግሞ ብዙ ተብሏል። ቁም ሣጥን ትመስላለች ይላታል ተራኪው፤ እናቱ መጥታ ስታያት የሬሳ ሣጥን ትመስላለች ትላለች። እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ቀለሟ ነው። የግድግዳዋ ወረቀት ቢጫ ነው። የባልቴቷ ቤት ግድግዳ ቢጫ ነው። የሶንያ ክፍል ግድግዳም ቢጫ ነው፤ ክፍሉ ራሱ የተጣመመ፣ አንዱ ማእዘን ስል ሌላው የተለጠጠ፣ መስኮቶቹ ወደ ቦዩ የሚያዩ። ሶንያ ገላዋን ሸጣ ቤተሰቧን እንድታኖር ፖሊስ የሰጣት ፈቃድ ቢጫ ወረቀት ነው። ራስኮልኒኮቭ ፖሊስ ጣቢያ ራሱን ስቶ ሲወድቅ የሚቀርብለት ውኃ በቢጫ ብርጭቆ ነው፤ ውኃውም ቢጫ ነው። ይህን አንድ በአንድ ሳይሆን አብሮ ያየ አንባቢ አንድ ነገር ይጠረጥራል፤ ገዳዩ፣ ሟቿ፣ አዳኟና ፖሊሱ የሚኖሩት በአንድ ክፍል ውስጥ ነው። ግድግዳው ብቻ ነው የሚለያያቸው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልግባ። ከተማው በግድያው ውስጥ እጁ ምን ድረስ ገብቷል?

ግድያው የተፈጸመበትን ቀን ልብ ብለን ብንከተለው አስደንጋጭ ነገር እናገኛለን። ልጁ ዋዜማውን ከከተማው ዳር ደሴቶች ሄዶ፣ ሣር ላይ ተኝቶ፣ አስፈሪ ሕልም አይቶ፣ ሐሳቡን እርግፍ አድርጎ ትቶታል። ነጻ ወጥቷል። ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን፣ በማያስፈልግ ጠመዝማዛ መንገድ፣ በድርቆሽ ተራ በኩል አለፈ። ለምን እንደሆነ ራሱም አያውቅም። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፤ ነጋዴዎች ዕቃቸውን እየሰበሰቡ ነው። እዚያ ሊዛቬታ ከሁለት ነጋዴዎች ጋር ስትነጋገር ሰማ፤ ነገ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ቤት አትኖርም። ባልቴቷ ብቻዋን ትሆናለች ማለት ነው። በቃ፣ ፍርዱ ተፈረደ። ከዚያ በፊት፣ መጠጥ ቤት ተቀምጦ፣ አንድ ተማሪና አንድ መኮንን ይህችኑ ባልቴት ገድሎ በገንዘቧ ሺሕ ነፍስ ማዳን ይሻላል እያሉ ሲከራከሩ ሰምቷል። የገዛ ሐሳቡን ከባዕድ አፍ! መጥረቢያውን ከኩሽና ሊወስድ ሲል የቤት ሠራተኛዋ አለች፤ አልሆነም። ወርዶ በሩ ላይ ቆሞ ሳለ ከዘበኛው ክፍል ከአግዳሚ ወንበር ሥር አንድ ነገር ብልጭ አለ። መጥረቢያ ነው። የባልቴቷ ግቢ በር ላይ ሲደርስ ትልቅ የድርቆሽ ጋሪ እኩል እየገባ ከሰው ዓይን ከለለው። ገድሎ ሲወርድ ሰዎች ወደ ላይ እየወጡበት ነው፤ ቀለም ቀቢዎች ለቀው የወጡት ባዶ ቤት በሩ ተከፍቶ ጠበቀውና ተደበቀበት።

ይህን ሁሉ ጠላት ቢያቀናብረው እንኳ እንዲህ አይገጥምም። አንዳንድ ሐያሲ «አጋጣሚ በዛበት» ብሎ ደራሲውን ይከሳል። እኔም አንድ ሰሞን እከስ ነበር። ነገር ግን ይህ የከተማ ኑሮ ጠባይ ነው። በገጠር መንደር ውስጥ ሰው የማይታወቅ ሰው ወሬ በአጠገቡ ሲያልፍ አይሰማም፤ የማይታወቅ ሰው የለምና። እዚህ ግን ሁሉም ለሁሉም ባዕድ ነው፤ ሁሉም ግን ትከሻ ለትከሻ ነው። ደረጃው የሁሉም ነው፤ ግቢው ሁለት መውጫ አለው፤ ዘበኛው የለም። ድርቆሽ ተራ ላይ የልጁ ቡትቶ ማንንም አያስገርምም። ከተማው ወሬውን አቀበለው፣ መሣሪያውን አዋሰው፣ በሩን ከፈተለት፣ ከዓይን ጋረደው። ሕግ አዋቂዎች ይህን ምን እንደሚሉት አላውቅም፤ በኔ አማርኛ ግብረ አበርነት ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። ልጁ መጥረቢያውን በካፖርቱ ሥር ይዞ ሲሄድ ምን እያሰበ ነበር? በዩሱፖቭ የአትክልት ቦታ አጠገብ ሲያልፍ ስለ ውኃ ፏፏቴዎች ማሰብ ጀመረ። በየአደባባዩ ፏፏቴ ቢሠራ አየሩ እንዴት ቀዝቀዝ ባለ! የበጋው የአትክልት ቦታ እስከ ማርስ ሜዳ ቢሰፋ! ሰውስ ለምን ይሆን በትልልቅ ከተሞች ውስጥ አትክልትም ፏፏቴም በሌለበት፣ ቆሻሻና ግማት ባለበት ሰፈር መኖር የሚወደው? ብሎ ተጨነቀ። ይህን ቦታ በልጅነቴ ዘልዬዋለሁ። ዛሬ ከመጽሐፉ ሁሉ የሚያስፈራኝ ቦታ ነው። የከንቲባ ሐሳብ እያሰበ ነው እኮ ሰው ሊገድል የሚሄደው! ለሕዝብ በጎ ያስባል፤ ከተማ ያስውባል፤ በብብቱ ሥር መጥረቢያ አለ።

እዚህ ላይ ነው የከተማው ታሪክ የሚመጣው። ፒተርስበርግ እንደ ሌላው ከተማ ቀስ በቀስ፣ ገበያ ገበያን እየሳበ፣ ቤት ቤትን እየወለደ አልበቀለም። በ1703 አንድ ሰው፣ ታላቁ ጴጥሮስ፣ ረግረግ ላይ ቆሞ «እዚህ» አለ። ገበሬው በትእዛዝ እየተጋዘ መጣ፤ ረግረጉ ስንት ሺሕ ሰው ዋጠ። በአንድ ሰው ራስ ውስጥ የተጸነሰ ሐሳብ በሌሎች ሥጋ ላይ ታነጸ። ዶስቶየቭስኪ በ1864 በጻፈው «የምድር ቤት ማስታወሻ» ውስጥ የዚህን ከተማ በሐሳብ የተወለደ፣ ሆን ተብሎ የተቀነባበረ መሆን ተራኪውን አስወርፎታል። ራስኮልኒኮቭ በጻፈው መጣጥፍ ደም ተራምደው ያለፉ ሕግ አውጪዎችን ሲዘረዝር ሊኩርጎስን፣ ሶሎንን፣ መሐመድን፣ ናፖሊዮንን ይጠራል። ጴጥሮስን አይጠራም። መጥራትም አያስፈልገውም፤ እግሩ የቆመው በጴጥሮስ ድንጋይ ላይ ነው። ናፖሊዮንን ፍለጋ ፓሪስ ድረስ የሄደው የኛ ሐያሲ ከልጁ መስኮት ውጭ ቢመለከት ይበቃው ነበር።

ይህን ክር መጀመሪያ የፈተለው ፑሽኪን ነው። ፑሽኪን ለኛ ባዕድ አይደለም፤ ቅድመ አያቱ አብራም ጋኒባል ጴጥሮስ ክርስትና ያነሣው አፍሪካዊ ነው፤ እኛም የኛ ነው ስንል ኖረናል፤ ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ ትውልዱን ወደ ዛሬዋ ካሜሩን ይወስዱታል። ክርክሩን ለባለሙያ ልተወው። ዋናው ነገር የጴጥሮስ ክርስትና ልጅ የልጅ ልጅ ልጅ የጴጥሮስን ከተማ የከሰሰ ግጥም መጻፉ ነው። በ1833 በጻፈው «የነሐሱ ፈረሰኛ» ውስጥ የ1824ቱ ጎርፍ እጮኛውን የወሰደበት ድኃ ጸሐፊ አብዶ በጴጥሮስ ሐውልት ላይ ጡጫውን ያነሣል፤ ሐውልቱም ከመቆሚያው ወርዶ በየጎዳናው ያሳድደዋል። ራስኮልኒኮቭ በኒኮላዬቭስኪ ድልድይ ላይ ቆሞ የኔቫን ወንዝ፣ የቤተ መንግሥቱን አቅጣጫ፣ የይስሐቅን ካቴድራል ጉልላት የሚያይበት ቦታ አለ። ተማሪ ሳለ መቶ ጊዜ ቆሞ አይቶታል፤ ሁልጊዜም ከዚያ ውብ ትርኢት የማይገባው ብርድ ይመጣበታል። ዲዳና ደንቆሮ መንፈስ ያደረበት ውበት ይመስለዋል። የነሐሱ ፈረሰኛ በዚያው ወንዝ ዳር፣ ከድልድዩ ብዙም ሳይርቅ ቆሟል። ደራሲው ስሙን አላነሣም። እኔ ግን እዚያ ድልድይ ላይ በኅዳር ብርድ ቆሜ ሳይ ማንን እንዳልጠራ ገባኝ።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ለሌኒንግራዷ አስተማሪዬ ድል ይመስላል። ከተማው ገደለ! አይ፣ እንዲያስ አይደለም። ደራሲው ይህን መልስ አስቀድሞ አውቆ በመጽሐፉ ውስጥ ሰው አቁሞበታል፤ ሰውየውም ራዙሚኺን ይባላል። የራስኮልኒኮቭ ጓደኛ ነው። እሱም ተማሪ ነው፤ እሱም ገንዘብ አጥቶ ትምህርቱን አቋርጧል፤ እሱም የሚኖረው በዚያው ከተማ፣ በዚያው ሙቀትና ግማት ውስጥ ነው። አንድ ክረምት ሙሉ ክፍሉን ሳያሞቅ ኖሮ፣ ብርድ ላይ እንቅልፍ ይጥማል ብሎ የሚቀልድ ሰው ነው። ትርጉም ሠርቶ፣ አስጠንቶ ይበላል፤ ለጓደኛውም ሥራ ሊያካፍለው ገንዘብ ያስጨብጠዋል፤ ራስኮልኒኮቭ ግን መልሶለት ይወጣል። በመርማሪው በፖርፊሪ ቤት ክርክር ሲነሣ «ወንጀል ሁሉ የአካባቢ ውጤት ነው» የሚሉትን አምርሮ የሚቃወመውም ራዙሚኺን ነው። አንባቢ ሆይ፣ እስቲ ነገሩን ተመልከተው፤ አካባቢ ሰውን እንዴት እንደሚያንቅ ከሁሉ በላይ ያሳየን መጽሐፍ፣ አካባቢ ነው ያስገደለኝ ማለትን ይከለክላል!

ሶንያስ? ከሁሉም የከፋው የከተማው ጥርስ ያረፈው በሷ ላይ ነው። አባቷን በጎዳናው ላይ ፈረስ ረገጠው፤ እንጀራ እናቷ ልጆቿን ጎዳና ላይ እያስጨፈረች ደም ተፍታ ሞተች። ሶንያ ግን መጥረቢያ አላነሣችም። ማንም ሰው «ድህነት ነው» ብሎ ሲያጽናናኝ የነዚህ የሁለቱ ነገር ይታወሰኛል። አስተማሪዬን አንድ ቀን «ራዙሚኺንስ?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «እሱ ረዳት ገጸ ባሕርይ ነው» አሉኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ ደወሉም ተደወለ።

የመንፈሳውያኑ ትርጓሜም ቢሆን አንድ ቦታ ላይ ይጎድልብኛል። ንስሐው ራሱ ቦታ ይፈልጋል። ሶንያ ሂድና ቤተ ክርስቲያን ተሳለም አላለችውም። መስቀለኛ መንገድ ላይ ቁም፣ መሬቱን ሳም፣ ለሰው ሁሉ ገዳይ ነኝ ብለህ ጩኽ ነው ያለችው። ሄዶም የተንበረከከው ያው ሊዛቬታን የሰማበት ድርቆሽ ተራ ላይ ነው። ሲስም ሕዝቡ ሳቀበት። አንዱ ሰካራም ወደ ኢየሩሳሌም ሊሳለም የሚሄድ መስሎት፣ ዋና ከተማችንንና ድንጋይዋን ተሰናበተ ብሎ ቀለደ። ገዳይ ነኝ የሚለው ቃል ጉሮሮው ላይ ቀረ። ከግድያው የጋረደው ባዕድነት አሁን ከኑዛዜው ጋረደው። የከተማው ሰው ሊኮንነው ቀርቶ ሊሰማውም አልፈለገም። ከዚህ ይልቅ የጨከነ ትርኢት በመጽሐፉ ውስጥ አላውቅም፤ የግድያውንም ጨምሬ ነው።

በመጽሐፉ ውስጥ ፖርፊሪም ስቪድሪጋይሎቭም፣ አንዱ መርማሪ አንዱ ብልሹ ሰው፣ ለልጁ የሚነግሩት ቃል አንድ ነው፤ የሚያስፈልግህ አየር ነው። ስቪድሪጋይሎቭ ራሱ ይህ ከተማ የግማሽ እብዶች ከተማ ነው ባይ ነው። በመጨረሻው ሌሊቱ ያ ሁሉ ቀን የተጠበቀው ዝናብ ወረደ፤ የኔቫ ውኃ መሙላቱን የሚያስታውቅ መድፍ ተሰማ፤ የፑሽኪን ጎርፍ ሊመለስ ነው ያሰኛል። ሲነጋ በጭጋግ ውስጥ ወጥቶ፣ አንድ የእሳት አደጋ ዘበኛ እያየው፣ ራሱን ተኮሰ። ራስኮልኒኮቭ ግን አየሩን ያገኘው ሳይቤሪያ ነው፤ ሰፊ ወንዝ፣ ማዶ ሜዳ፣ የዘላኖች ድንኳን። ይህን መደምደሚያ ብዙ ሰው አይወደውም፤ በችኮላ የተለጠፈ ነው ይላል። ችኮላው እውነት ነው። ደራሲው በዚያው ዓመት ለሌላ አሳታሚ በአንድ ወር ውስጥ ሌላ ልቦለድ ካላስረከበ የሥራዎቹን ሁሉ መብት ለዘጠኝ ዓመት ሊያጣ ነበርና «ቁማርተኛው»ን በ26 ቀን ለአንዲት ወጣት ጸሐፊ አስጽፎ፣ የዚህንም መጨረሻ ለሷው አስጻፈ። (በዓመቱ አገባት።) ትንሣኤው በቂ ሆኖ አላገኘሁትም፤ በዚህ ከሌሎቹ ጋር ነኝ። ሜዳውን ግን አምነዋለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ግድግዳ የሌለበት ገጽ ነው።

እኔን የሚያሳምነኝ መጨረሻ ግን ከሱ አንድ ገጽ ቀደም ብሎ ያለው ነው። ራስኮልኒኮቭ ኑዛዜውን ሊሰጥ ወደ ፖሊስ ጣቢያው ይወጣል። ደረጃው እንደ ከተማው ደረጃ ሁሉ ጠባብ፣ ቀጥ ያለ፣ እጣቢ የፈሰሰበት ነው። ገባ፤ ስለ ስቪድሪጋይሎቭ መሞት ሰማ፤ ምንም ሳይናገር፣ ራሱን እያዞረው፣ ግድግዳውን ተደግፎ ወረደ። ተርፏል። ማስረጃ የለም፤ ከተማው አሁንም እየሸሸገው ነው። ግቢው ውስጥ፣ መውጫው አጠገብ፣ ሶንያ ፊቷ ገርጥቶ ቆማለች። አንዲት ቃል አልተናገረችም። ትንሽ ቆሞ አያት፤ ከዚያ ዞሮ ደረጃውን እንደገና መውጣት ጀመረ።